የዋሴ መፋቂያ

ቅርጫ ያስጠላኛል። ሥጋው አይደለም፤ ሥጋውን እበላለሁ። የሚያስጠላኝ ሰው ሁሉ ዓይኑን የሰባው መደብ ላይ ተክሎ፣ ምራቁን እየዋጠ «ለእኔ ሁሉም እኩል ነው» የሚለው ነገር ነው። ደባርቅ ውስጥ በእኛ ሰፈር ስምንት ሆነን በየበዓሉ አንድ በሬ እናርዳለን። ዕጣውን የምትጥልልን እትየ ዕፀገነት ነበረች።

ዕፀገነት ከጨነቅና ከጊች ተራራ የሚመለሱ ቱሪስቶች የተኙበትን ብርድ ልብስ እያጠበች የምትኖር ሴት ናት። የሰው ላብ፣ የበቅሎ ጠረን፣ ጭቃ፣ ምንም አይመስላትም። ሥጋና ምራቅ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ትጠየፋለች። ዕጣ ጣይ ያደረግናትም ለዚህ ነው፤ የማይበላ ሰው ለማን ያዳላል? እሷም በዚህ ትኮራ ነበር። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ በሰፈሩ ያላት ክብር ይኸው ነው።

ሥጋውን የሚመድበው ሰይፈ ሥላሴ ነው። ሲጀምር እጁ ለጋስ ነው፤ ወደ መጨረሻው አጥንት ይበዛበታል። ስለዚህ በበሩ በኩል ያለው የመጀመሪያው መደብ ሁልጊዜ የሰባ ነው፤ የመጨረሻውን ለውሻ ቢሰጡት ይሻላል። ዕፀገነት ዞር ስትል እያንዳንዳችን አንድ ምልክት፣ ቁልፍም ይሁን ጠጠር፣ ባርኔጣ ውስጥ እንጥላለን። እሷ ባርኔጣውን ተቀብላ ሳታይ አንድ አንድ እያወጣች፣ ከበሩ ጀምራ በየመደቡ ላይ ታኖራለች። የእኔ ምልክት ቆርኪ ነው። በቅሎ አከራዩ ዋሴ የሚጥለው ግን ከአፉ አውጥቶ መፋቂያውን ነው፤ ጫፉ የተላመጠ፣ ገና ያልደረቀ። ሳየው እኔንም ያቅለሸልሸኛል።

አምስት ቅርጫ በተከታታይ የመጀመሪያው መደብ ለዋሴ ደረሰ። ሰዉ «ዕድለኛ ነው፤ እግዜር የሰጠውን ማን ይነሳዋል» አለ። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ይህ ከሠላሳ ሁለት ሺህ ጊዜ አንዴ እንኳ የማይገጥም ነገር ነው። ለእኔ ደግሞ አጥንቱ እየደረሰኝ አንገብግቦኝ ነበር። የመስቀል ማግስት ልብስ ስታሰጣ አገኘኋትና ሳልሸፋፍን ጠየቅኋት።

«እትየ፣ ከዋሴ ጋር ተመካክራችኋል እንዴ?»

ፊቷ አመድ መሰለ። «እኔ? ምንም ሳላስብ እኮ ነው የማወጣው፤ ማርያምን።»

«አታስቢም፤ አምንሻለሁ። እጅሽ መጀመሪያ የሚይዘው ምንድን ነው?»

ቀኝ እጇን በቀሚሷ ደጋግማ ጠረገች።

«ያንን እርጥብ ነገር» አለች። «ገና ስነካው ይዘገንነኛል። ቶሎ ልገላገለው ብዬ…» አልጨረሰችውም።

ዕጣ፣ ዕድል፣ የእግዜር ፈቃድ ስንለው የኖርነው የአንዲት ሴት ማቅለሽለሽ ነበር። እሷ አላሰበችም፤ ስሜቷ ግን ቀድሟት አስቦ ጨርሷል። ሁላችንም እኩል የተቆረጠ ወረቀት እንጣል ብዬ ለቅርጫተኛው ባቀርብ፣ «ደግሞ ለዕጣ ትምህርት ልታስተምረን ነው?» ብለው ሳቁብኝ።

ለገና ባርኔጣውን ተቀበለች። አጠገቧ ነበርኩና አየኋት፤ እጇ ገባ፣ አንድ ነገር ነካ፣ ሸሸው። በመጀመሪያው መደብ ላይ ያኖረችው የእኔን ቆርኪ ነው። ሰባቱ ምልክቶች ወጥተው ሲያልቁ መፋቂያው ብቻውን ቀረ፤ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አጥንቱ ላይ ጣለችው።

ዋሴ «ዛሬስ አልቀናኝም» ብሎ ሳቀ። ሰዉም አብሮት ሳቀ።

ሥጋዬን በፌስታል እየሰበሰብኩ ሳለ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «መምህር፣ እያወቅሁ ነው ያስቀረሁት። ይኼስ ዕጣ ነው?» አለችኝ።

ፌስታሉ ከባድ ነበር። እንዲህ ያለ መደብ ደርሶኝ አያውቅም።

«ዕጣ ነው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ የዋሴን መፋቂያ የምታይበት ነው። ባርኔጣውን እግሬ ሥር አኑራ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ዕጣ ጥላልን አታውቅም።

ሥጋውን ግን በላሁት።