የካሣነሽ ጥቁር ድንጋዮች

አስካለ ካሣነሽን አውቃታለሁ ብላ በሙሉ አፏ አትናገርም። የጓሮ ክፍሏን ካከራየቻት ዓመት አልፎታል፣ ውሃ የሚቀዱትም ካንድ ቧንቧ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ሁሉ ግን ግምት ነው። ስማዳ ተወለደች ይባላል። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ቤይሩት ሄዳ ስምንት ዓመት ኖራለች፤ መጀመሪያ በሰው ቤት፣ ኋላ ደግሞ ሀብታም ሴቶች ገላቸውን በሚታሹበት ቤት እየሠራች። ስትመለስ ወደ ዘመዶቿ በመውረድ ፈንታ ንፋስ መውጫ ቀረች። ለምን እንደቀረች አስካለ አታውቅም።

እንደመጣች ሁለት ሱባዔ ጠበል ተጠመቀች። ከዚያ በሩ ላይ ጽሑፍ ሰቀለች፦ «በትኩስ ድንጋይ ማሳጅ፤ ለወገብ፣ ለትከሻ፣ ለድካም።»

ማሳጅ የሚባለው ነገር ከትልልቆቹ ከተሞች ስሙን አበላሽቶ ነበር የመጣው። አስካለ በሩን ትጠብቅ ጀመር። የረጅም መንገድ ሾፌሮች ይገባሉ፤ ጠመኔ የነካው እጃቸውን ወገባቸው ላይ ያደረጉ መምህራን ይገባሉ፤ በነጠላ የተሸፋፈኑ ሴቶችም አሉ። ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማት የድንጋይ መጋጨት ብቻ ነው። ሲወጡ ሁሉም ከእንቅልፍ የተነሡ ይመስላሉ። ሰው በጠራራ ፀሐይ ምን ቢያደርጉት እንዲያ ይሆናል?

«ምን እየቀቀለች ነው?» አለች ጎረቤቷ ወለተ ሚካኤል አንገቷን በአጥሩ ላይ አስግጋ።

«ድንጋይ።»

«እስካሁን አልበሰለላትም? ጠዋትም ሲንተከተክ ነበር። ኧረ ጨው አንሶት እንደሁ ቅመሽላት!»

አስካለ ሳቀች። ሳቋ ግን አንድ ቀን ድንጋዮቹ ታጥበው ፀሐይ ላይ ተሰጥተው ስታይ ቆመ። ጥቁር ናቸው፤ እንደ እንቁላል የለዘቡ፣ ወገባቸውን ነጭ መስመር የዞራቸው። እንዲህ ያለ ድንጋይ የምታውቀው አንድ ቦታ ነው፤ ባሏን ስታስታምም በባዶ እግሯ የቆመችበት፣ የጠበሉ ፏፏቴ ሥር። ከጠበል ሰው ውሃውንና የሚቀባውን አፈር፣ እምነቱን፣ ይዞ ይመለሳል። ድንጋዩን የሚነካ ግን የለም። በሽተኛ ሁሉ ደዌውን የጣለበት ነው፤ ያነሣው ሰው ደዌውን ይዞ ይገባል ይባላል።

ለነፍስ አባቷ ለቄስ ገብረ መድኅን ነገረቻቸው። ቄሱ መልሰው ጠየቋት።

«የሚካኤል ማኅበር መቼ ነው ካንቺ ቤት የሚገባው?»

«በሚመጣው አሥራ ሁለት ነው፣ አባ።»

«እንግዲያ ጠይቂያት። ከጠበሉ አንሥታው ከሆነ ወይ እሷ ትወጣለች፣ ወይ ጽዋው ካንቺ ቤት አይገባም። ካልሆነ ግን ወገብ መታሸት ኃጢአት ነው የሚል እኔ አላነበብሁም።»

ባሏ ከሞተ ወዲህ አስካለን ከሰው ጋር የሚያቀማምጣት ያ ማኅበር ብቻ ነበር። በማግስቱ ወገቤን አሞኛል ብላ ገባች። ለነገሩ ውሸት አልነበረም፤ ወገቧ ካመማት ቆይቷል።

ካሣነሽ በደረቷ አስተኛቻት። ድንጋዮቹን ከሩዝ መቀቀያው የኤሌክትሪክ ድስት በጭልፋ እያወጣች አደረቀቻቸው፤ እያንዳንዱን መጀመሪያ በራሷ ክንድ ለካችው፤ ከዚያ ዘይት ቀብታ በአከርካሪው ግራና ቀኝ ደረደረችው። አስካለ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። የሰው ሁሉ ደዌ አሁን ይገባብኛል ስትል፣ ሙቀቱ ቀስ እያለ ወደ አጥንቷ ወረደ። ትከሻዋ ሳታዝዘው ተፈታ። ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም ይበልጥ ፈራች። ይህን ያህል የሚያቀልል ነገር ያለ ምክንያት አይገኝም።

«ካሣነሽ።»

«አቤት፣ እትዬ።»

«ይሄን ድንጋይ ከየት አመጣሽው?»

«ከወንዝ ነዋ። ድንጋይ ገበያ ላይ ይሸጣል?»

«ከየትኛው ወንዝ?»

«ተኙ እንጂ፣ እትዬ። ሲያወሩ ገላዎ መልሶ ይጠነክርብኛል።»

«ልተኛ አልመጣሁም።» አስካለ አንገቷን አቀናች። «አባ ጠይቂ ብለውኝ ነው። ማኅበሩ ካንቺ ጋር ባንድ ግቢ ይገባ እንደሆነ ልወቅ። ከጠበሉ ነው ያነሣሽው?»

ጀርባዋ ላይ የነበረው እጅ ቆመ። ካሣነሽ «አይደለም» ትበል እንጂ፣ አስካለ እውነት ይሁን ውሸት ሳትመረምር ለአባ ልታደርስላት ቆርጣ ነበር። ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ጠበቀች።

ካሣነሽ ድንጋዮቹን አንድ ባንድ እያነሣች ወደ ድስቱ መለሰች። በደረቅ ፎጣ የአስካለን ጀርባ አበሰች። ነጠላዋንም አምጥታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት።

«ይልበሱ፣ እንዳይበርድዎ» አለች። «ሌላ የፈለጉትን ይጠይቁኝ። ይሄን ግን ውጪ ቢሉኝም አልመልስም።»