ድራም የሚመታው ሸማኔ

የልጅ ልጄ ስልክ ውስጥ አንድ ፈረንጅ አለ፤ ድራም ይመታል። ሥራው እሱ ብቻ ነው፣ ሲበላም አይቼው አላውቅም።

መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ላይ ሴቻ ሰፈር፣ ቤታችን በረንዳ ላይ ጥጥ እየፈተልኩ ነበር።

«ይሄ ሰውዬ ድስት ተሸክሞ ከደረጃ ወደቀ እንዴ?» አልኳት።

«እማማ፣ ፕሮግረሲቭ ሮክ ይባላል።»

«ይባል። ማን አነሳው ታዲያ?»

ተቆጣች። ስትቆጣ አፍንጫዋ እንደ አያቷ ይሰፋል፤ እሱን ለማየት ብዬ ነው የማስቆጣት። ይህን እየነገርኳት የምትጽፈው ራሷ ናት። አፍንጫዋን እንዳትዘለው እያየኋት ነው፤ ፊደል ባልቆጥርም መስመር ሲጎድል አውቃለሁ።

ያን ቀን አንዱን ማዳመጫ ከጆሮዋ ነቅላ ጆሮዬ ውስጥ ከተተችው። «ዝም ብለሽ ስሚ» አለችኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ለካ ሰውዬው ወድቆ አይደለም፣ ሥራ ላይ ነው። አንዱ እግሩ ታች ሆኖ ዱም ይላል። ሌላው እግሩ ጸናጽሉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቀኝ እጁ የናስ ሳህኑን የሚነካው ዝናብ ሲጀምር ቆርቆሮ ላይ ጠብ ጠብ እንደሚለው ነው፣ ሳያሳምመው። ግራ እጁ ደግሞ ካልተፈለገ አይገባም። ሁለት እግር፣ ሁለት እጅ፣ ሁሉም የየራሱን ይሠራል፣ አይጣሉም።

እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ። አርባ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የዶርዜ ሸማኔ ነበር። እግሮቹ ከሸማ ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ይረግጣሉ፣ መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ጋቢ ሲሠራ ድምፁ እኩል ነው፣ እንቅልፌ ይመጣል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን ይለወጣል፤ ስድስቴ ይመታል፣ ሰባተኛው ላይ ቆም ብሎ ባለቀለሙን ክር በጣቱ ያነሳል፣ ከዚያ እንደገና። ጓዳ ሆኜ ሳላየው የት እንደደረሰ አውቅ ነበር። ጭራሽ ዝም ካለ ደግሞ በደጃችን ሴት እያለፈች ነው። ስጠይቀው «ክር ተበጠሰብኝ» ይላል። ገበያ ቀን ክሩ ሲበጠስ ነው የሚውለው።

«ይሄ ሰውዬ ጥለቱ ላይ ደርሷል» አልኳት።

በጣቷ ቆጠረች። «እማማ፣ በሰባት ነው የሚመታው። እንዴት አወቅሽ?»

«ባል ነበረኛ።»

ችግሩ ይህ ሰባት የሚባል ነገር ቤተ ክርስቲያን መግባቱ ነው። የልጅ ልጄ ታች ሲቀላ ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ድራም ትመታለች። ራሷ የደረሰችው አንድ መዝሙር አላት፣ እሱን በሰባት መታችው። የእኛ ሰው ደግሞ እጁን አንዴ ከዘረጋ ሳያጨበጭብ አይመልስም። ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ፤ ጭብጨባው እንደተደፋ ባቄላ ተበተነ።

የመዘምራኑ መሪ ደግ ልጅ ነው፣ ክራቫቱን ብቻ ያጠብቃል። «አንድ እሑድ ልስጥሽ» አላት። «ጭብጨባው ደግሞ ከተበተነ ድራሙን ሌላ ሰው ይይዘዋል።» ከሲቀላ ሴቻ እስክንወጣ ሚኒባሱ ውስጥ አለቀሰች።

«እንደ ሰው ብትመቺውስ?» አልኳት።

«እንደሱ ከሆነ የእኔ መዝሙር አይደለም፣ እማማ።»

ግትር ናት። እሱም ከአያቷ ነው፣ ከእኔ የወረሰችው የለም።

ረቡዕ የእናቶች ጸሎት አለ። አሜን ካልን በኋላ እኛ አግዳሚ ላይ የሚቀመጡትን አስቀረሁ። አምስት ነን፣ አምስታችንም ዕድሜያችንን የፈጀነው ሸማኔ አጠገብ ነው።

«እስቲ ባሎቻችሁን አስታውሱ» አልኳቸው።

«ምነው፣ ገና ከጸሎት መነሳታችን ነው» አለች ባሏ በሕይወት ያለው።

«ጥለት ሲሠራ። ድምፁን።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ አንዷ ጉልበቷን መታ መታ ማድረግ ጀመረች። ስድስቴ፣ ከዚያ ቆም። ስድስቴ፣ ቆም። ሌሎቹ ተከተሉ። የቆጠረ የለም፣ እጃችን ነው ያወቀው። አንደኛዋ ግን የቆምንበት ጋ ታስላለች።

«አሞሻል?» አልኳት።

«የእኔ ባል እዚህ ጋ ያስል ነበር። ያለሱ አይመጣልኝም።»

«በይ ሳልሽን ቀጥይ።»

እሑድ ልጅቷ ድራሙ ኋላ ተቀመጠች። ጀመረች። ናሱን እንደዚያ ሰውዬ በስሱ ነካካችው። ፊት የተቀመጡት ወዲያው ምቱ ጠፋባቸው። ያኔ የእኛ አግዳሚ ገባ። ስድስቴ፣ ቆም፣ ሳል። ስድስቴ፣ ቆም፣ ሳል። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። አሮጊት ስታጨበጭብ ማን ይከራከራል? እጃችንን እያዩ ተከተሉን። ሁለተኛው አዝማች ላይ ቤቱ ሁሉ አንድ ሆነ።

አንድ ሰው ብቻ ቀረ። መሪው ቆም በምንልባት ባዶ ቦታ ላይ ብቻውን ጷ ያደርጋል። ከዚያ የሰው እጅ የያዘ ይመስል እጁን ያያል። እንደገና ጷ።

ስንወጣ በሩ ላይ ጠበቀን።

«እናታችን፣ ይህን የት ተማሩት?»

«አግብተን ነዋ።»

ሳቀ፣ ክራቫቱን ላላ አደረገ። ወደ ልጅቷ ዞሮ «ድራሙ ያንቺው ነው» አላት። ቀጥሎ ድምፁን ቀንሶ ለእኔ፣ «እኔ ግን አልያዘልኝም።»

«ረቡዕ ና» አልኩት። «ማጨብጨቡ እምቢ ካለህ ማሳሉን እናስተምርሃለን።»

መጣ። ማሳሉን ቶሎ ያዘ።