ምድጃው ያልበላው ዳቦ

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ነው... ጣሊያኑ አለቃችን ከምድጃው ጀርባ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ ጆንያ አገኘ። አፉን ፈትቶ መሬት ላይ ገለበጠው። ደረቅ ዳቦና ጋሌጣ የሚሉት የወታደር ደረቅ ብስኩት እየተንኳኳ ተዘረገፈ። ያን ጊዜ አበቃልን አልኩ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ሥራችን ትንሽ ልበል። ጣሊያን ደሴን ይዞ በነበረበት ዘመን ነው። ኮምቦልቻ ላይ ከወታደሮቹ ሰፈር ዝቅ ብሎ አንድ ትልቅ ምድጃ አሠርተው ነበር። ከደሴም ከኮምቦልቻም የወታደሩ ቆሻሻ በካሚዮን እየመጣ እዚያ ይነድዳል። ዝም ብሎ መንደድ ብቻ አይደለም፤ ከምድጃው በላይ ትልቅ የብረት በርሜል ተቀምጧል፣ እሳቱ ውሃውን ያፈላዋል፣ የፈላው ውሃ በቧንቧ ወደ ልብስ ማጠቢያው ቤት ይወርዳል። የጣሉት ቆሻሻ መልሶ የለበሱትን ያጥብላቸዋል... ጉድ እኮ ነው።

ሥራው ታዲያ እንደምታስቡት ቀላል አልነበረም። ካሚዮኑ ሲያራግፍ ቆርቆሮና ጠርሙሱ ይለቀማል፣ ደረቁ ከእርጥቡ ይለያል። እርጥብ ነገር ከጣልክበት እሳቱ ይደክማል፣ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ከታች ያሉት አጣቢዎች ደግሞ ስድባቸው አይጣል ነው። ስለዚህ የአትክልቱን ልጣጭ ምድጃው አጠገብ ባለው መደብ ላይ እናሰጣዋለን። በግለቱ ሲደርቅ እሱም ተራው ይደርሰዋል። አመዱን ከሥር በአካፋ እየዛቅን እናወጣለን፤ ገበሬዎች ለጓሯቸው ይወስዱታል።

እሳቱን የምቆሰቁሰው እኔ ነኝ። መንገድ ሥራ ላይ የለቃቀምኳት ጣሊያንኛ ስለነበረችኝ ሲያስፈልግ አስተርጓሚውም እኔው ነኝ። ቆሻሻውን የሚለዩት ደግሞ ጋሼ ይማም ነበሩ። የኩታበር ሰው ናቸው፣ ሽማግሌ፣ ነገራቸው ሁሉ በቀስታ።

ጋሼ ይማም ዳቦ እሳት ውስጥ እንዲገባ አይፈቅዱም። ከቆሻሻው መሀል ቁራሽ ባገኙ ቁጥር አቧራውን እፍ ብለው፣ ስመው፣ ግንባራቸውን አስነክተው ጆንያው ውስጥ ይከቱታል። ጁምዓ ሲሆን ለወፉም ለከብቱም ይበትኑታል። እኔ ክርስቲያን ብሆንም እኛም ቤት ዳቦ አይረገጥም፣ አይቃጠልም፤ ስለዚህ ምንም አልገረመኝም። እንዲያውም ያመለጣቸውን እየለቀምኩ አቀብላቸው ነበር።

ለአለቃችን ግን ይሄ ስንቅ ነው። ጋሌጣ የቱን ያህል ቢቀመጥ አይበላሽም፣ በየጫካው ደግሞ አርበኞች አሉ። ለእነሱ ስንቅ አቀብሏል የተባለ ሰው ይሰቀል ነበር።

«ለማን ነው የምታጠራቅመው?» አላቸው ጋሼ ይማምን። ተረጎምኩላቸው። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ለዶሮዎቼ ነው ይበሉና እንገላገል አልኳቸው።

«ዶሮ የለኝም» አሉኝ። «ደግሞ ረመዳን ነው፣ ጾመኛ ነኝ። በጾም አፌ አልዋሽም።»

አቤት የተናደድኩት... ገመድ ወደ አንገታቸው እየመጣ እሳቸው ዶሮ የለኝም ይሉኛል። እንግዲህ ምን ልበለው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ዳቦ ነው በለው። አንዴ ከእሳት ወጥቷል፣ ሁለተኛ አይመለስበትም።»

እንዳሉት ተረጎምኩ። አለቃው ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም። ለሽፍቶች ካልሆነ እዚሁ ፊቴ አቃጥለውና ልመንህ፣ እምቢ ካልክ በሩ ላይ ላሉት ወታደሮች እሰጥሃለሁ አላቸው።

ይሄንንም ለጋሼ ይማም ተረጎምኩላቸው። በርከክ አሉና የተበተነውን መልቀም ጀመሩ። እያንዳንዱን እፍ ይላሉ፣ ይስማሉ፣ ግንባራቸውን ያስነካሉ፣ ወደ ጆንያው ይመልሳሉ። የቸኮሉ አይመስሉም። እኔ በልቤ የማውቀውን ታቦት ሁሉ እየጠራሁ ነው።

አለቃው ትኩር ብሎ ሲያያቸው ቆየ... ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «እናቴም እንዲህ ታደርግ ነበር» አለኝ። እነሱም አገር መሬት የወደቀ ዳቦ ሳይሳም አይነሳም ለካ። ጎንበስ ብሎ እግሩ አጠገብ የነበረችውን ቁራሽ አነሳ። ይስማት ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። አልሳማትም፣ ግን መልሶ አልጣላትም፤ ጆንያው ውስጥ ከተታት።

ያለውን ለጋሼ ይማም ነገርኳቸው። ቀና ብለው አዩት።

«እንግዲያማ እሱ ራሱ ይጣለው በለው። ነውሩን ያውቀዋላ።»

ይሄን መተርጎም ሞት ሆኖ ታየኝ። ባልተረጉመውስ ምን ብዬ ላወራ ነው... ተረጎምኩት።

አለቃው ጆንያውን አንጠልጥሎ ወደ ምድጃው ሄደ። የብረት በሩን ከፈተው። ወላፈኑ ፊቱን አቀላው። ቆመ... አሁንም ቆመ... ከዚያ በሩን መልሶ ዘጋና ጆንያውን ምስማሩ ላይ ሰቅሎ ወጣ። ወታደሮቹን አልጠራም። ነገሩንም ዳግመኛ አላነሳውም።

ጋሼ ይማም አልሐምዱሊላህ ብለው ወደ ቆሻሻቸው ተመለሱ። እኔም ወደ እሳቴ ተመለስኩ። ወደ በኋላ ደግሞ ሳቅ መጣብኝ፤ አገር የሚያርበደብድ ሰውዬ ለካ እናቱን ይፈራል ብዬ።

ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። ዳቦ ወደ እሳት ለመጣል እጁ እምቢ ያለው ይሄው ሰው፣ አንድ ሽማግሌ ለገመድ አሳልፎ ለመስጠት ምንም አላመነታም ነበር። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ እሱ ነው።

ስለ ዳቦው እናቱ ነግራዋለች... ስለ ሰው ሳትነግረው ቀርታ ይሆን?