የወይራምባው ቄስና ፍትሐት ያላገኘው ንጉሥ

ቄስ ገብረ ሊባኖስ በዕድሜው ሁሉ አጥብቆ የፈራው አንድ ነገር ነው፤ ዓይኑ እንዳይጠፋ። ጅብ አይፈራም፣ ሽፍታ አይፈራም፣ ጭቃ ሹሙንማ ፊት ለፊት ነው የሚያሾፍበት። ጧት ከመኝታው ሲነሣ ግን አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር ቀና ብሎ ጣራውን ማየት ነበር፤ የሣር ክዳኑን ከነጥላሸቱ አይቶ ሲያበቃ ነው የሚያማትበው። ሚስቱ ይመኙሻል በዚህ ትስቅበት ነበር።

ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። በሚያገለግልባት በወይራምባ ጊዮርጊስ ከእሱ በፊት የቀደሱ ሦስት ቄሶች በተራ ታውረዋል። ወይራምባ ከሰቆጣ ወደ ጽጽቃ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ግማሽ ቀን ተጉዘው የሚደርሱባት፣ በወይራ የተከበበች የሣር ክዳን ደብር ናት። ነፋሱም ጭሱም ዝንቡም ለዓይን የሚመች አገር አይደለም፤ ስለዚህ አስተዋይ ሰው የሦስት ቄስ ዓይን ለመጥፋቱ ሌላ ምክንያት አይፈልግም ነበር። የወይራምባ ሰው ግን አስተዋይ መባልን ያን ያህል አይጓጓለትም፤ ምክንያቱ ንጉሡ ነው ይላል።

በ1938 ዓ.ም. ሦስተኛው ቄስ አባ ገብረ ጻድቅ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፋ። ዓይነ ስውር መቅደስ ገብቶ አይቀድስምና ቦታቸውን ለደቀ መዝሙራቸው ለገብረ ሊባኖስ ለቀቁ። የዚያን ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ከወይራ ሥር አስቀምጠው የደብሩን ምሥጢር ነገሩት። ምሥጢር ይባል እንጂ አገር ያውቀዋል፤ ጮክ ብሎ የሚያወራው ብቻ ነው የታጣ።

ነገሩ የዋግሹም ጎበዜ ነገር ነው። አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ዐፄ ቴዎድሮስ ሰቀሏቸው፤ ልጁ ሸፈቱ። ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ባለፉ ጊዜ የዋጉ ልጅ ዘውድ ደፍተው ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተባሉ። ፈርሰው የነበሩ አብያተ ክርስቲያናትን አሠሩ፣ ሦስት ዓመት ነገሡ። ከዚያ የሚስታቸውን ወንድም ደጃች ካሳን፣ ኋላ ዐፄ ዮሐንስ የተባሉትን፣ ለማስገበር ስልሳ ሺህ ነው የሚባል ጦር ይዘው ወደ ትግራይ ዘመቱ። አባ ገብረ ጻድቅ እዚህ ላይ ሲደርሱ ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ አሉ፤ በንጉሥ ላይ እየተረቱ መሆናቸው ትዝ ሲላቸው ግን አማተቡ። በሐምሌ 1863 አሳም በተባለ ቦታ ላይ ንጉሡ ተሸነፉ፤ ተማረኩ፤ ዓይናቸውን አጠፏቸው፤ ታስረው ሳለም ሞቱ ተባለ።

ችግሩ «ተባለ» ላይ ነው። በደብሩ ወሬ መሠረት ንጉሡ ወደ ዘመቻ ሲወጡ በወይራምባ አልፈው ለታቦቱ መጋረጃ ሰጥተዋል፤ ካህናቱንም አስከሬኔ እዚህ ሳይመጣ፣ በእናንተ አፍ ፍትሐት ሳይፈታልኝ፣ ስሜን ከሙታን ጋር እንዳትጠሩ ብለው አስገዝተዋል። አስከሬን አልመጣም። ካህናቱም ግዝቱን እንደያዙ ቀሩ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ከዚያ ወዲህ የወይራምባ ቄስ በቅዳሴው መካከል ለነገሠው ንጉሥ ከሚጸልይበት ቦታ ሲደርስ አስቀድሞ «ተክለ ጊዮርጊስ» ይላል፤ በጉሮሮው፣ ከጎኑ የቆመው ዲያቆን እንኳ በማይሰማው ድምፅ። የዘመኑን ንጉሥ ስም ጮክ ብሎ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ዐፄ ዮሐንስም ዐፄ ምኒልክም ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በወይራምባ ሁለተኛ ሆነው ነው የተጠሩት።

ገብረ ሊባኖስ መምህሩን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ ዓይንዎን ያጠፋው ይህን ስም መጥራትዎ ነው ወይ?

«ዓይን የሌለው ሰው ሲጠሩት በምን አይቶ ይመጣል?» አሉ ሽማግሌው። «ከጠራው ሰው ተውሶ ነዋ።»

የመጀመሪያዎቹ ወራት በደህና አለፉ። በሐምሌ ጊዮርጊስ ዕለት ጭጋጉ ከወይራው ወርዶ ቅኔ ማሕሌቱ ድረስ ገብቶ ነበር። ገብረ ሊባኖስ ከቦታው ደረሰና ስሙን በጉሮሮው አለ። ከውጭ፣ በምዕራቡ በር በኩል፣ አንድ ሰው «አቤት» አለ።

ጩኸት አልነበረም። ቤቱ ሆኖ የተጠራ ሰው ሥራውን ሳይተው እንደሚመልሰው ያለ «አቤት» ነው። ድምፁ የሚያውቀው ሰው ድምፅ መሰለው፤ የማን እንደሆነ ግን ሊይዘው አልቻለም። ቅዳሴ አይቋረጥምና የኃይለ ሥላሴን ስም ጠርቶ እንደምንም ቀጠለ። ሲያበቃ ዲያቆኑን ተስፋውን ጠየቀው፤ ተስፋው ምንም አልሰማም። ቤቱ ሲገባ ይመኙሻልን ጠየቃት። እሷም በሴቶች በር ቆማ ስለነበር ድምፅ አልሰማችም፤ ነገር ግን ቅዳሴው ሳያልቅ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ በምዕራቡ በር ወጥቶ በወይራው መካከል ሲሄድ አይታለች። መሪ የለውም፣ በትር አልያዘም፣ ከአንድም ዛፍ ግን አልተጋጨም። የየት አገር ሰው ነው ቢላት፣ ፊቷን ወደ እሳቱ አዙራ አላውቅም አለችው።

ከዚያ ሐምሌ ወዲህ ይመኙሻል ባሏ ጧት ጣራውን ሲያይ መሳቋን ተወች።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ዓይኑ መታመም ጀመረ። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌኑን ይወጋዋል። ይመኙሻል በየሳምንቱ ደጅ ፀሐይ ላይ ታስቀምጠውና ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ በወረንጦ አንድ በአንድ ትነቅልለታለች። ያቃስታል፤ እሷም ልጅ አይሁኑ ትለዋለች። የሚያስጨንቀው ሕመሙ ብቻ አልነበረም፤ ዓይን ከጠፋ መቅደሱ ቀረ፣ መቅደሱ ከቀረ ደግሞ እንደ መምህሩ በደጀ ሰላም ተቀምጦ የሌላ ሰው ቅዳሴ እየሰሙ መኖር ነው። ያ ድምፅ በዓመት አንድ ቀን፣ በሐምሌ ጊዮርጊስ፣ ሳያጓድል ይመልሳል። ገብረ ሊባኖስ ሊለምደው ሞከረ፤ አይለመድም። በየዓመቱ አንድ እርምጃ ያህል ወደ ውስጥ ይቀርባል። ከምዕራብ በር የተነሣው «አቤት» በአሥራ አምስተኛው ዓመት መጋረጃው ሥር ሊደርስ ጥቂት ነበር የቀረው።

በ1953፣ አዲስ አበባ ውስጥ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት መክሸፉ ዋግ በተሰማ ሰሞን፣ ገብረ ሊባኖስ ሰቆጣ ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ተጠራ። ጸሐፊው አቶ ደርቤ የጎጃም ሰው ነው፤ ቁጡ አይደለም፣ ወንበር ሰጠው። በወይራምባ የሁለት ንጉሥ ስም ይጠራል ይባላል፣ እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። ገብረ ሊባኖስ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ብሎ ሊያልፈው ሞከረ፤ የትኛው ንጉሥ እንደማይከሰስ ግን አልተናገረም። ደርቤ ሳቀ። ሳቁን ሲያበቃ፣ የሞተን ንጉሥ ከሕያዋን ጋር መጥራት በዚህ ጊዜ ሰው የሚያሳስር ነገር ነው፣ ይተዉት ብሎ መከረው። የቀላውን ዓይኑንም አይቶ ወደ ጤና ጣቢያ ሰደደው። እዚያ ድሬሰሯ፣ የጤና ረዳቷ ወይዘሮ አበዛሽ፣ የዓይኑን ቆብ ገልብጣ አየችና የዓይን ማዝ ነው፣ አንድ ቤት ውስጥ ወዳለ ሰው ሁሉ ይተላለፋል አለችው። ሁለት ቅባት ሰጠችው፤ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለሚስቱ።

ገብረ ሊባኖስ ስሙን ተወ። እውነቱን ለመናገር ደርቤን ፈርቶ አልተወውም፤ የሚተውበት ሰበብ ሲፈልግ ነው የኖረው። ዓይኑም ዳነ። በዓመቱ መቅላቱ ጠፋ፤ በሁለተኛው ዓመት ዳዊቱን ወደ በሩ ሳይጠጋ ማንበብ ቻለ። በየመንፈቁ ሰቆጣ ወርዶ ሁለት ሁለት ቅባት ያመጣል። ይመኙሻል የእሱን ትቀባዋለች፤ የእኔን ኋላ እቀባለሁ ትላለች። ቅባቱ አዳነኝ ብሎ ግን አንድ ቀን አስቦ አያውቅም። ያዳነው ዝምታው ነው፤ ንጉሥ ካልተጠራ ዓይን አይዋስም።

«አቤት» የሚለውም ቀረ። በምትኩ በሐምሌ ጊዮርጊስ ያንን ቦታ በዝምታ ሲያልፍ፣ ከመጋረጃው ውጭ መዳፍ ግድግዳ ሲዳስስ ይሰማዋል። ቀስ እያለ ይዞራል፤ በር የጠፋበት ሰው ዳሰሳ ነው። በማግሥቱ ኖራው ላይ በትከሻ ቁመት የመዳፍ ምልክት ይገኛል። ተስፋው የዝናብ ነው ይላል፤ ተስፋው ሁሉንም ነገር በዝናብ ማመካኘት የሚወድ ሰው ነው። አንድ ዓመት ገብረ ሊባኖስ ምልክቱን በኖራ ሊለቀልቀው ሄዶ መዳፉን ቢያሳርፍበት ልክክ አለለት። የሰው እጅ ሁሉ ያው ነው አለና ለቀለቀው።

በ1964 ገደማ ይመኙሻል ዕቃ ትጥል ጀመር። መጀመሪያ ጭሱ ነው አለች፤ ቀጥላ እርጅና ነው አለች። ወዲያው ረኀቡ መጣ። የአበርገሌ ቆላ ከብቱን ጨርሶ ሰዉ ወደ ደጋው ሲሰደድ፣ በየመንገዱም ሲወድቅ፣ ማንም የማንንም ዓይን ልብ ብሎ የሚያይበት ጊዜ አልነበረም። ቄሱ ውሎው መቃብር ላይ ሆነ። ረኀቡ ጋብ ሲል ቀና ብሎ ቢያያት ሚስቱ ጨርሳ ታውራለች። ሰቆጣ ድሬሰሯ ዘንድ እንሂድ ቢላት በፍጹም አልሄድም አለች።

ገብረ ሊባኖስ ነገሩን በራሱ መንገድ ፈታው። ንጉሡ ከእሱ ያጣውን ከቤቱ ወስዷል፤ እሱ ዝም ብሎ ባዳነው ዓይን ምክንያት እሷ ታወረች። ራሱን ጠላ። ከራሱ ጥላቻ በታች ደግሞ፣ አፍሮበት ለማንም ያልተናገረው፣ ቀጥሎ የእኔ ተራ ይሆን የሚል ፍርሃት ነበር።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ የ1967 መስከረም በጠባ በሁለተኛው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ወሬው በራዲዮ ሰቆጣ፣ ከሰቆጣ በገበያተኛ አፍ ወይራምባ ደረሰ። በተከታዩ ቅዳሴ ገብረ ሊባኖስ ከቦታው ሲደርስ የሚጠራው ስም አጣ። የሞተውን ትቶታል፤ ያለውን አውርደውታል። ዝም አለ። ዲያቆኑ ቀና ብሎ አየው። ሐምሌ ሳይሆን፣ ጭጋግ ሳይኖር፣ ያ መዳፍ ግድግዳውን እየዳሰሰ መጣና መጋረጃው ጋ ቆመ። ጨርቁ ወደ ውስጥ ጥቂት ገባ አለ፤ ሰው ግንባሩን ያስደገፈበት ይመስል ነበር።

ያን ጊዜ ቆረጠ። ቅዳሴው ሲያበቃ ካህናቱን ሰብስቦ ለተክለ ጊዮርጊስ ፍትሐት እንፈታለን አላቸው። ግዝቱስ አሉት።

«ግዝቱ በእኔ ላይ ይሁን» አለ።

አስከሬን በሌለበት ነጭ ነጠላ ዘርግተው፣ ለማንኛውም የወይራምባ ገበሬ እንደሚያደርጉት አድርገው ፈቱለት። መቶ ዓመት ያለፈውን ስም ከሕያዋን ተራ አውጥተው ከሙታን ጋር ጠሩት። የመለሰ የለም። ግድግዳውም ዝም አለ። ገብረ ሊባኖስ ካህናቱ ፊት እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ደስ ብሎት ነው።

ቤቱ ሲገባ ይመኙሻል መደቡ ላይ ተቀምጣ ነበር። ተገላገልን አላት፤ ዓይንሽን የወሰደው ንጉሥ አርፏል፣ ከእንግዲህ ከዚህ ቤት የሚወስደው ነገር የለም አላት።

«የእኔን ዓይን ንጉሥ አልወሰደውም» አለች፣ በቤታቸው ቋንቋ በኽምጥኛ፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ነገረችው። የሚያመጣው ቅባት ለሁለት ሰው እስከ መንፈቅ አይደርስም ነበር፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ስትቀባው ነው የኖረች። አሥራ ሦስት ዓመት ሁለቱም የገባው በእሱ ዓይን ነው። ሰቆጣ አልሄድም ያለችውም ድሬሰሯ ገና ዓይኗን ገልብጣ ስታይ እንደምታውቅባት ገብቷት ነው።

«ምነው እንዲህ ማድረግሽ?» አላት።

«ያን ሐምሌ በወይራው መካከል ያየሁት ሽማግሌ ዞር ብሎ ነበር፤ ፊቱን አይቸዋለሁ» አለች። «ንጉሥ አይደለም። እርስዎ ነዎት። ሸምግለው፣ ዓይንዎ ጠፍቶ፣ ብቻዎን ሲሄዱ። የሚመራዎት ሰው በዓይኔ ፈለግሁ፤ እኔ እንኳ አጠገብዎ የለሁም። እኔ ሳልኖር ዓይንዎ ይኑር ብየ ነው።»

ሃያ ስምንት ዓመት ይህን በሆዷ ይዛ ራሱን ጭኗ ላይ ስታስተኛ፣ እሱ የሚያስበው ስለ ንጉሥ ነበር። አጠገቧ ተቀመጠ። እጇን ዘርግታ ጺሙን አገኘችው።

«ነጭ ሆኗል?»

«ሆኗል።»

«የዚያ ሰውም ነጭ ነበር።» ጣቶቿ ወደ ላይ ወጥተው የዓይኑ ቆብ ላይ አረፉ። «ታዲያ ያያሉ?»

«አያለሁ።»

«እንግዲያው ደግ» አለች። ፀሐይ ሳይገባ ደጅ እንዲያወጣት ጠየቀችው። ክንዷን ይዞ አወጣት።