ቀስተኛው ሽፍታና የአባቴ ወዳጅ

ስለዚያ ቀስተኛ ሽፍታ ሲወራ ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ።

አባቴ እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ፊልም ግን ይተረጉም ነበር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ጂንካ ገበያ አጠገብ በከፈታት ቪዲዮ ቤት፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ማይክሮፎን ይዞ ቆሞ ያየውን በአማርኛ ይናገራል፤ ያላየውንም ይጨምራል። ሰው የሚመጣው ከፊልሙ ይልቅ እሱን ለመስማት ነበር።

ከሁሉም የሚወደደው የጫካው ሽፍታ ነበር፤ የጥንት ፈረንጅ፣ ከሀብታም ቀምቶ ለድሃ የሚያድል። ፊልሙ ብዙ ዓይነት ነው። በአንዱ ሳቂታ፣ በሌላው ኮስታራና ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይመጣል። የሽፍታው መልክ ቢለዋወጥም ተመልካቹ ግድ አልነበረውም። ፍላጻው ዒላማው ላይ ባረፈ ቁጥር ፉጨቱ ጣሪያውን ያነሳዋል። ግብር ሰብሳቢው ሲዘረፍማ የመንግሥት ሠራተኞች ሳይቀሩ ያጨበጭባሉ፤ ሰኞ ቢሮ ገብተው ግብር ሊሰበስቡ።

አባቴ ከበና ብሔረሰብ አንድ ወዳጅ ነበረው፤ አልዱባ አካባቢ የሚኖር ከብት አርቢ። በእነሱ ዘንድ ሰው ከብቱን ሁሉ አንድ በረት አያኖርም፤ በወዳጆቹ መንጋ ውስጥ ያከፋፍለዋል። ላምህ እኔ በረት ካደረች ዘመዴ ነህ ማለት ነው። የአባቴም አንዲት ቀይ ላም በዚህ ሰው መንጋ ውስጥ ነበረች። እሱም ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ እኛው ቤት በልቶ እኛው ቤት ያድር ነበር።

አንድ በጋ ዘራፊዎች መንጋውን ሊነዱ መጡ። ይጠብቅ የነበረው የወዳጁ ታናሽ ወንድም አላስነካም ብሎ እዚያው ተገደለ። ከብቱ ተረፈ፤ ላማችንም ተረፈች። አባቴ ለቅሶ ሄዶ ሰንብቶ ተመለሰ።

ከለቅሶው በኋላ ወዳጁ ገበያ ሲመጣ፣ አባቴ ሐዘኑን የሚያስረሳው መስሎት ቪዲዮ ቤት አስገብቶ ከፊት አስቀመጠው። የዚያን ቀን ሽፍታው የባላባቱን ከብት ይነዳል። አንድ እረኛ በትሩን ይዞ መንገዱን ዘጋበት። ፍላጻው ደረቱ ላይ ተሰካ፤ ወደቀ። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨበጨብኩ።

የአባቴ ወዳጅ ብድግ አለ።

«እረኛው ምን አደረገ? እሱ ሀብታም አይደለም። ለምን ደስ ይላችኋል?»

«ቁጭ በል፣ አትጋርደን!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ሆነ። ከዚያ ሁሉም ወደ አባቴ ዞሮ ጨዋታ ይጠብቅ ጀመር። አባቴ ደግሞ ሰው ዓይን ዓይኑን ሲያየው ዝም ማለት አይችልም። ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ።

«አይዞህ ወዳጄ፣ እረኛው አልሞተም። ላም መጠበቅ ሰልችቶት ተኝቶ ነው።»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። አባቴም ያለው ነገር የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነበት። ትርጉሙን አቆመ። ወዳጁ በትሩን አንስቶ ወጣ፤ የዚያን ቀን እኛ ቤት አላደረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀይዋን ላም እየነዳ መጥቶ አጥራችን ላይ አሰራት። አባቴ ጎረቤት እያየ እግሩ ላይ ወደቀ።

«አፌ ነው የሳተው። ስደበኝ፣ ምታኝ፤ ላሟን ግን አትመልስብኝ።»

ሰውየው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለን ነበር። ጎንበስ ብሎ አባቴን አነሳው።

«ላምህ ደህና ናት» አለው። «የእኔ እረኛ ተኝቷል። አንተ ሌላ ፈልግላት።»

ላሟ እኛ ግቢ ወለደች። ወተቷን እናቴ ለጎረቤት ትሰጥ ነበር። እኛ ቤት ማንም አልጠጣውም።