ሳሙና የሞላሁበት የወተት ጣሳ

ቅዳሜ ቀትር ላይ የልጆቼን ልብስ ዘፍዝፌ ሳሙናውን በስኒ በተንኩበት... አረፋ የለም። ጨመርኩ። አሁንም የለም። ውሃው ብቻ ነጣ። ጎንበስ ብዬ ሳሸተው ወተት ወተት ይላል።

እጄ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። ሳሙናዬ የት እንዳለ ገብቶኛል።

ቆይ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት ቤታችን ጎርፍ ገባበት። የሰፈሩ ቦይ ተደፍኖ ነው። ባለቤቴ በአካፋ ሲዝቀው የወጣው ሁሉ ፌስታልና የሳሙና ላስቲክ ነበር፣ ያውም እኛው ራሳችን የምንገዛው ዓይነት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በላስቲክ የታሸገ ነገር በገንዘቤ አልገዛም አልኩ። ዘይት በራሴ ጄሪካን፣ ስኳርና ምስር በጨርቅ ከረጢት... ባለቤቴ «የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሯ ገበያ ወጣች» እያለ ያሾፍብኛል።

የዱቄት የልብስ ሳሙና ደግሞ ኮምቦልቻ አንዲት ሴት ቤቷ እየሠራች በኪሎ ትሸጣለች። ዕቃ ይዘሽላት ትሄጃለሽ፣ ትሞላልሻለች። ሽቶም ቀለምም የለውም፤ ለውሃውም ለአፈሩም ይሻላል ትላለች። እኔ የምይዝላት የትንሹ ልጄን ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ነው።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ሞልቼ ወደ ቤቴ ደሴ ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እማማ ዘሃራ የሚባሉ እናት ነበሩ። ጨቅላ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈዋል። ልጃቸው ከወለደች በኋላ ታማ ደሴ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ማጥባት አልቻለችም። ሕፃኑን ሊያሳዩአት ይዘውት እየሄዱ እንደሆነ አጫወቱኝ።

መንገድ ላይ ፍተሻ ነበር። ወረድንና ዕቃችንን አስፋልቱ ዳር ደረደርን። ፈታሹ የኔን ጣሳ ከፍቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ሳሙና ነው አልኩት። ጣሳውን አገላብጦ አነበበና ቀና ብሎ አየኝ።

«ወተት ይላል እኮ።»

«ጣሳው ነው የወተት... ውስጡ ሳሙና ነው።»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ያየኝ ጀመር። ላስቲክ ላለመግዛት ብዬ ነው ብል ማን ያምነኛል? ፈታሹ አሸተተው፣ ሽታ የለውም። ጓደኛውን ጠራ። ከእማማ ዘሃራ ቋጠሮ ውስጥም አንድ ጣሳ ወጣ፤ ቁርጥ የኔን። ሁለቱን ከፍተው ጎን ለጎን አስቀምጠው አስተያዩ። ላብ አጠመቀኝ። በመጨረሻ የኔን በውሃ አሽተው አረፋ ሲያወጣ ሂዱ አሉን። ሾፌሩ ክላክሱን ያስጮኻል፣ ሁላችንም ያገኘነውን አፈፍ አድርገን ገባን። ደሴ ስንደርስ እማማ ዘሃራ መርቀውኝ ተለያየን።

እና አሁን የሕፃኑ ወተት እኔ ቤት ነው... ሳሙናዬ ደግሞ እሳቸው ጋ።

ሻርፔን እንኳ በወጉ ሳልጠመጥም ጣሳውን አቅፌ ወጣሁ። ስልካቸውን አልተቀበልኩም። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው፤ ሕፃኑ ስንለያይ ተኝቶ ነበር፣ ሲነቃ ይርበዋል። ባለባጃጁን ፍጠንልኝ፣ ፍጠንልኝ እያልኩ ነዘነዝኩት።

የሆስፒታሉ ጥበቃ የጥየቃ ሰዓት አልደረሰም ብሎ ከለከለኝ። ላስረዳው ፈልጌ ምላሴ ተሳሰረ። «ሕፃን ሳሙና ሊጠጣ ነው» ብቻ አልኩት። ሰውየው ሌላ ነገር አልጠየቀኝም፤ ቀድሞኝ ሮጠ።

የእናቶች ክፍል ጋ ስንደርስ ሕፃን ያለቅሳል። በሕይወቴ ለቅሶ ሰምቼ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወዲያው ደግሞ ጠጥቶት ቢሆንስ የሚያለቅሰው ብዬ በሩን ገፍቼ ገባሁ።

እማማ ዘሃራ የልጃቸው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጡጦው እጃቸው ላይ ነው፤ ሙሉ ነው፤ አናቱ ድረስ አረፋ ይዟል።

«ሰጡት?» አልኳቸው።

ከንፈራቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ አዩኝ።

«እኔ ሳልቀምስ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም ልጄ። ቢስሚላህ ብዬ ብቀምሰው አፌን አቃጠለኝ።»

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። አውፍ በሉኝ አልኳቸው። እሳቸው «አብሽሪ፣ አላህ አትርፎናል» አሉኝ። የሕፃኑ እናት ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችብኝ። አልፈርድባትም፤ እኔም ብሆን አዞር ነበር።

ይዤው የሄድኩትን ወተት ነርሷ አየችና፣ ልብስ ላይ እንደበተንኩት ስነግራት፣ የልብስ ማጠቢያ ስኒ የገባበት ለሕፃን አይሆንም አለች። ትክክል ናት። ፊት ለፊት ካለው ፋርማሲ ሮጬ አዲስ ገዛሁ። ባለፋርማሲው በጥቁር ፌስታል አድርጎ ሰጠኝ... ስንቱን ባለሱቅ በፌስታል ስጨቀጭቅ የኖርኩት ሴትዮ ቃል ሳልተነፍስ ተቀብዬ ሮጥኩ።

ጡጦው ታጥቦ በአዲሱ ወተት ተሞልቶ፣ ሕፃኑ እስኪጠግብ ድረስ ከበሩ አልተንቀሳቀስኩም። ከዚያ ሳሙናዬን ላነሳ ስል እማማ ዘሃራ እጄን ያዙኝ።

«እሱን ተይልኝ፤ የልጁን ጨርቅ አጥብበታለሁ። ደግሞ አረፋው ደህና ነው፣ ከየት ነው የምትገዢው?»

የሴትዮዋን ቤት ነግሬያቸው ወጣሁ። አሁንም በላስቲክ አልገዛም፣ ያ ሐሳቤ አልተለወጠም... ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሰፈር ቦይ ላድን ብዬ የሰው ልጅ ልበላ ነበር።