የቁልቢው ተምር

ረመዳን ሲገባ ሰበታ ገበያ ያሉት ሐጂ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ የተምር ካርቶን ይከፍታሉ። ዘንድሮም ሳልፍ ሽታው ያዘኝና ግማሽ ኪሎ አስመዘንኩ። ሌላው ሰው ምን እንደሚል አላውቅም እንጂ፣ በእኛ ቤት ተምር የቁልቢ ገብርኤል ነገር ነው።

ልጅ ሳለሁ አያቴ ስለት አለብኝ ብላ ለታኅሣሥ ገብርኤል በባቡር ቁልቢ ሄደች። ንግሡ አልፎ አብረዋት የሄዱት የሱሉልታ ዘመዶቻችን «ድሬዳዋ ላይ ተለያየን» እያሉ ሲመለሱ እሷ ገና ነበረች። በመጨረሻ በነጠላዋ ጫፍ ተምር ቋጥራ መጣች፤ የገብርኤል በረከት ነው ብላ እኛን ልጆቹን አሰልፋ አደለችን። ቁልቢ ተምር ይበቅላል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም፤ በረከት ይበላል እንጂ አይመረመርም። ባለ ጺሙን አባቴን ግን በገዛ እጇ አጎረሰችው፣ እስኪውጥም ቆማ አየችው። እሱ አፈረ፣ እኛ ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ቁልቢ እንሂድ ሲሏት «ስለቴን ከፍያለሁ» ብላ ወሬ ትቀይር ነበር።

የእሷ ባል፣ ወንዱ አያቴ፣ አባቴ ትንሽ ልጅ ሳለ ለመስቀል እመለሳለሁ ብሎ ለወደብ ሥራ ጅቡቲ ሄዶ ቀርቷል። መርዶ አልመጣም፤ መርዶ ካልመጣ ደግሞ ልቅሶም ተዝካርም የለም። አባቴ መስቀል በመጣ ቁጥር ደመራውን ከመለኮሱ በፊት አንዴ ወደ አስፋልቱ ያይ ነበር። ጎረቤታችን ኦቦ ቶላ «አይዞህ፣ ከነጓዙ ስለሆነ ነው የዘገየው» እያሉ ያሾፉበት ነበር።

አምና አባቴ ሰማንያውን ካለፈ በኋላ «ሞቶ ከሆነ አልቅሼለት ልሙት» አለኝ። አያቴ ካረፈች ቆይታለች፣ የሚጠየቅ ሰው የለም፤ ስለዚህ ጅቡቲ ወረድኩ። ስሙን የሚያውቅ ጠፋ። የወደቡ ሽማግሌዎች ግን «ሰበታ» የሚሉት አንድ ተሸካሚ ትዝ አላቸው፤ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጁ ግን አለች ብለው ቤቷ ወሰዱኝ። ኸዲጃ ትባላለች፤ በእኔ ዕድሜ ናት፣ ግንባሯ ቁርጥ የአባቴ ነው። ለካ አክስቴ ናት። ያባቷን አማርኛ ቀስ እያለች ትናገራለች።

«ልጅ ሆኜ ነጠላ የለበሱ ሴትዮ ከሰበታ መጥተው ነበር» አለችኝ። «አባባ ሲያያቸው ፊቱን ሸፈነ። እሳቸው እኔን ጭናቸው ላይ አስቀመጡኝ። ጾም ነው ብለው ከተምር በቀር አልቀመሱም። ሲሄዱ የተረፈውን አባባ ሰጣቸው፤ ለልጄ ብሎ።»

አያቴ ላይ ተናደድኩ፣ አልዋሽም። እሷ አይታው መጥታ፣ ልጇን ያን ሁሉ ዓመት መንገድ አስጠበቀችው። ምናልባት ትቶን ሌላ ጎጆ ወጣ ከሚባል ጠፋ ቢባል ይሻላል ብላ ይሆናል።

ቤት ገብቼ ምንም ሳልደብቅ ነገርኩት። ለምን ደበቀችኝ አላለም።

«ለልጄ ነው ያለው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«በእጇ ነበር ያጎረሰችኝ» አለና ማልቀስ ጀመረ። በማግስቱ ድንኳን ተተከለ፤ ኦቦ ቶላም ከዘራቸውን ይዘው ከሁሉ ቀድመው መጡ።

በመስቀል ደመራውን ሲለኩስ ወደ አስፋልቱ ዞር አላለም። እኔ ግን ልማድ ሆኖብኝ አየሁ፤ የሚጠበቅ ሰው አልነበረም።

የሐጂን ተምር ዛሬ ወሰድኩለት። አንዷን አንስቶ ብዙ አላመጣትና ፍሬዋን መዳፉ ላይ ተፋ።

«ደህና ነው» አለ፣ «የቁልቢው ግን ይጣፍጥ ነበር።»